ጥቅል ቁጥር አርባ አንድ

ጋሼ ሀብተየስ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የጥርን ጠዋት የሚያሳልፈው የግቢውን ግድግዳ ተደግፎ ነው። ጅግጅጋ በጥር ትበርዳለች። ነፋሱ ከሜዳው ተነስቶ አቧራውን በየቤቱ እያደለ ያልፋል። ጋሼ በሽርጡ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ጉልበቱን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ በጣሳ ያስቀመጠውን ውሃ ሊጠጡ የሚመጡትን ወፎች ይቆጥራል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የዱር እንስሳትና የአእዋፍ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ከባድ ሌንስ መሸከም ካቆመ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ መመዝገብ ግን አላቆመም። «ሁለት ሰዓት ከሩብ፤ ነፋስ፤ ሰባት ድንቢጥ፤ አንድ የማላውቃት።» እንዲህ እያለ ይጽፋል። ይህን ሁሉ ማን እንደሚያነበው አንድ ቀን ጠየቅኩት።

«አንቺ» አለኝ።

እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ፤ ገሊላ እባላለሁ። እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እሱና ሚስቱ እትዬ ሮማነወርቅ ናቸው፤ ለዚህ ነው እንደ አባት አንተ የምለው። ስድስት ዓመት ሕንድ አገር ተምሬ ከተመለስኩ አሥር ወር ሆነኝ። እትዬ ሮማን ካረፉ ወዲህ ብቻውን ስለሆነ ለእሱ ብዬ መጣሁ እላለሁ። እውነት ለእሱ ይሁን የምሄድበት ጠፍቶኝ ይሁን እስካሁን አልለየሁትም። በየሳምንቱ ሻንጣዬን አወጣለሁ፤ በየሳምንቱ እመልሰዋለሁ። እስከዚያው ግን አንድ ሥራ ይዤለታለሁ። የድሮ ኔጌቲቮቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒዩተር አስገባለሁ።

ሥራው አያስቸግርም፤ ጋሼ ሥርዓት ያለው ሰው ነው። እያንዳንዱ ጥቅል ፊልም ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ደብተር ላይ የራሱ ገጽ አለው። ቦታው፣ ቀኑ፣ የፊልሙ ዓይነት፣ ሌንሱ ላይ ያሰረው ፊልተር ሁሉም ተጽፏል። ብዙው ፌቆ ነው፤ ሰጎን ነው፤ የባቢሌ ዝሆን ነው። ጥቅል ቁጥር አርባ አንድም ሠላሳ አምስቱ ምስል ሣርና ፌቆ ነው። ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ግን አንዲት ወጣት ሴት በጭቃ ቤት በር ላይ ቆማለች። ራሷ ላይ ጥቁር ሻሽ አስራለች። በድሮ ፎቶ ላይ እንደሚታዩት ሰዎች ፊቷን አላኮሳተረችም። ሌንሱን የምታየው አንድ ነገር ነግራው መልሱን እንደምትጠብቅ ሰው ነው።

«ይህቺ ማናት?» ብዬ ጠየቅኩት።

ጋሼ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። መነጽሩ ንጹሕ ነበር። «የሀርሺን ሴት ናት» አለ። «ዝለያት።»

ዝለይ የተባልኩትን መዝለል አይሆንልኝም። «ስሟ ያልታወቀ ወጣት፣ ሀርሺን፣ ጥር 1977 ዓ.ም.» ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኳት። ለጋሼ አልነገርኩትም። በአራት ቀን ውስጥ ከሁለት ሺህ ሰው በላይ ተቀባበላት።

በአምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በራችን ተንኳኳ።

* * *

ስከፍት ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ረጅም፣ ቡናማ ጅልባብ የለበሱ ሴት ቆመዋል። ከኋላቸው ሞተሯ ያልጠፋ ነጭ መኪና አለች፤ መሪውን የያዘው ሰው ወደ እኛ ዞር አላለም።

«የፎቶ አንሺው ቤት ይህ ነው?»

«አዎ ኢዶ፣ ይግቡ።» በከተማችን ለሶማሌ እናቶች አክስቴ እንደማለት ኢዶ እንላለን።

«ለመግባት አልመጣሁም።» ስልካቸውን አውጥተው ፊቴ ላይ ደቀኑት። «ይህን የለጠፈው ማነው?»

እኔ ነኝ ከማለቴ በፊት ከኋላዬ የጋሼ ወንበር ሲንሸራተት ሰማሁ። ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ ግድግዳ ሳይይዝ ሲነሳ አይቼው አላውቅም። አሁን በአንድ ጊዜ ቆሟል። ጋቢው ከትከሻው ወርዶ መሬት ነክቷል።

«ሳዳ» አለ።

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አዩት። ዓይናቸው ከነጩ ፀጉሩ ተነስቶ እስከ ነጠላ ጫማው ወርዶ ተመለሰ።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ሀብተየስ?»

አንቱታው ሲመታው አየሁ። የጀመረው ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ግቢ... ይግቡ» አለ። «ነፋሱ...»

ገብተው ግቢው ውስጥ ያለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሻይ በወተት አቀረብኩላቸው፤ ብርጭቆውን አልነኩትም።

«ጉዳዬ አጭር ነው» አሉ ወይዘሮ ሳዳ። «ምስሉ ይውረድልኝ። ልጄ ኤልሚ ደገሀቡር የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ቢሮው ድረስ እየደወሉ ይጠይቁታል። ዛሬ ሥራውን ጥሎ መጣ፤ ይኸው ውጭ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ዕቃዬን አስጭኖ ሊወስደኝ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን በክብር የኖርኩበትን ይህን ከተማ መሳቂያ ሆኜ ልለቅ ነው።»

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» አልኩ ሳላስበው። «ቆንጆ ፎቶ ነው እኮ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ የት ነው ያደግሽው?»

«እዚሁ ጅግጅጋ።»

«ታዲያ እዚህ አድገሽ ምን ትጠይቂኛለሽ? ያኔ በእኛ ዘንድ ልጃገረድ ሻሽ አታስርም ነበር። ሻሽ የሚታሰረው ስታገቢ ነው። በሠርግሽ በሰባተኛው ቀን ሴቶች ተሰብስበው እየዘፈኑ ያስሩልሻል። ዘመዶቼ ደግሞ ዓመት መቁጠር ያውቁበታል። ‹በ77 ባልሽ ማን ነበር?› ይሉኛል። ይሄ የወለድኩት ልጅ ሳይቀር ‹ሆዮ፣ እናቴ፣ ከአባቴ በፊት ማን ነበር?› ብሎ ይጠይቀኛል። የገዛ እናቱን!»

ጋሼ ይህን ሁሉ የሰማው መሬት መሬቱን እያየ ነው። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ማን ነበር?»

«ምን?»

«ባልሽ። በ77።»

«ማንም አልነበረም። እኔ ያገባሁት በ82 ነው።»

ነፋሱ የወፎቹን ጣሳ ገለበጠው። ውሃው ሲፈስ ሦስታችንም አየነው፤ ማንም አላነሳውም።

«ሻሽ አስረሽ ነበር» አለ ጋሼ። «ካሜራው ሲመለስልኝ ፊልሙን አጠብኩት። አየሁሽ። ሻሽ አስረሽ ነበር።»

«አስሬ ነበራ!» ወይዘሮ ሳዳ ብድግ አሉ፤ አቶውም አንቱታውም እዚያው ቀረ። «ያንተን ነዋ ያሰርኩት! አንተ የሰጠኸኝን!»

«እኔ የሰጠሁሽ ቀይ ነው።»

«ቀይ ነው!»

«ይህ እኮ ጥቁር ነው!»

«ቀይ ነው እልሃለሁ፣ ሰዊርሌ!»

ሰዊርሌ በሶማሌኛ ባለ ፎቶው ማለት ነው። ሀርሺን ላይ ያወጡለት ስም እንደሆነ ያወቅኩት ኋላ ነው፤ በዚህ ቤት ማንም ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ስሙን ሲሰማ የሚደገፍበት ነገር በእጁ ፈለገ። ግድግዳውን አገኘ።

* * *

አንዱ ከሌላው አፍ እየነጠቁ የነገሩኝ ይህ ነው።

በ1976 ጋሼ የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበር። የሀርሺንን ሜዳ ፌቆዎች ሊያነሳ ሲሄድ የሚያርፈው የሳዳ አባት ቤት ነው። ሳዳ ጅግጅጋ ተምራ የተመለሰች የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ለእንግዳው የምታስተረጉመው እሷ ናት። አንድ ጊዜ ከጅግጅጋ ገበያ ቀይ የሐር ሻሽ ገዝቶላት ሄደ። በእናቱ ቤት ሻሽ ያገባችም ያላገባችም ታስረዋለች፤ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብሎ አላሰበም። ሳዳ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ይህን አሁን አላስረውም፤ የማስርበት ቀን ይመጣል» ብላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ጋሼ የሻሽን ነገር የተማረው ያን ቀን ነው።

በሚቀጥለው ጥር ደብዳቤ ጽፎ በምታነበው መጽሐፍ ውስጥ ሸጎጠላት። በዚያው ምሽት ወባ ጣለው። በጭነት መኪና ተሸክመው ጅግጅጋ ሲያመጡት ካሜራው እነሱ ቤት ቀረ።

«ደብዳቤህን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ሳዳ። ቆመው ነበር የሚናገሩት። «‹ሳዳ ሆይ፣ አንዲት ፌቆ ለማንሳት ሦስት ሰዓት ሳልነቃነቅ እተኛለሁ። አንቺን ለማንሳት ግን እጄ አያርፍልኝም። እናቴም፣ የነፍስ አባቴም፣ አባትሽም እንደሚቆጡ አውቃለሁ። እሺ ካልሽኝ መጥቼ በሁሉም ፊት እቆማለሁ።› እንዲህ ነበር ያልከኝ።»

የጋሼ ከንፈር ከእሳቸው ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። እሱም አልረሳውም።

«መልስ መጻፍ አልቻልኩም» ቀጠሉ። «ከቤታችን የሚወጣውን ወረቀት ሁሉ ታላቅ ወንድሜ ነበር የሚያነበው። በሳምንቱ ሾፌሩ ካሜራውን ሊወስድ መጣ። የፊልሙን ቁጥር ማንበብ አስተምረኸኝ ስለነበር አየሁት፤ አንድ ምስል ቀርቶታል። ሣጥኔን ከፈትኩ። ሻሽህን አሰርኩ። ትንሿ እህቴን ሳጋልን ‹ይቺን ተጫኚ› አልኳት። ያጥበዋል፣ ያየኛል፣ ይገባዋል ብዬ። አንዲት ልጃገረድ ሻሽ አስራ በሩ ላይ ከቆመችልህ ሌላ ምን ቃል ትፈልጋለህ?»

በእጃቸው ወደ መንገዱ ጠቆሙ።

«መኪና በመጣ ቁጥር እወጣ ነበር። አምስት ዓመት። የሾፌሮቹ መቀለጃ እስክሆን ድረስ።»

በመሃል እኔ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ሮጬ ወደ ቤት ገባሁና ደብተሩን ይዤ ወጣሁ። ገጽ አርባ አንድ፤ «ሀርሺን። ጥር 1977። ጥቁርና ነጭ ፊልም። አረንጓዴ ፊልተር።»

«ጋሼ!» አልኩ። «ፊልተሩ!»

ልጅ ሳለሁ ያስተማረኝ እሱ ነው። አረንጓዴ ፊልተር ሣሩን ያፈካዋል፤ ቀዩን ግን ይገድለዋል። ያንን አረንጓዴ መስታወት ዓይኔ ላይ አድርጎ ቀይ ሹራቤን ሲያሳየኝ ሹራቤ ጠቁሮ አልቅሻለሁ። በሥሩ ለሠለጠኑት ፎቶ አንሺዎች ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚነግራቸው ይህንኑ ነው።

«ምንድነው ይህቺ ልጅ የምትለው?» አሉ ወይዘሮ ሳዳ።

አስረዳኋቸው። ካሜራው ላይ መስታወት ነበረበት፤ በዚያ መስታወት በኩል ቀይ ሻሽ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ጋሼ ያየው ያገባች ሴት ጥቁር ሻሽ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ሰው አግብተዋል ብሎ አሰበ።

«መስታወት?» አሉ። ቀጥለው ሳቁ። እንዲያ ያለ ሳቅ ዳግመኛ መስማት አልፈልግም። «እናቱ ከልክለውት ነው አልኩ። ንቆኝ ነው አልኩ። ሞቶ ነው ብዬ ዱዓ ያደረግኩልህ ጊዜ አለ፣ ታውቃለህ? ለካ መስታወት ነው! የጣቴን ጥፍር የሚያህል መስታወት!»

እውነቱን ልናገርና ቀለል አለኝ። ማንም አልበደለም፤ የሁለት ሰዎች ዕድሜ በአንድ ስህተት ተበላ፤ ያሳዝናል፣ ግን አጥፊ የለውም። ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት ጋሼ እጁን ዘረጋ።

«ደብተሩን አምጪው።»

ገጹን ወደ ፀሐይ አዞረው። «እስከ ታች አላነበብሽውም» አለኝ።

ከገጹ ግርጌ፣ እሱ ሁልጊዜ በሚጽፍበት ቀለም ሳይሆን በእርሳስ፣ በጣም ደቃቅ ተደርጎ የተጻፈ ነገር አለ። «ሠላሳ ስድስት። ቀይ ይሆን?» ይላል። በላዩ ላይ አንድ መስመር ተሰምሮበታል።

ወይዘሮ ሳዳም ጎንበስ ብለው አነበቡት።

«በዚያው ቀን ገብቶኛል» አለ ጋሼ። «ምስሏ ከማጠቢያው ውስጥ ብቅ ስትል መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ነው። ፊልተሩን አልፈታሁትም ነበር፣ ቀይ ቢሆንስ አልኩ። ጻፍኩት። ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዚያ ሰረዝኩት።»

«ለምን?» አሉ። ሹክሹክታ ነበር።

«ፈራኋ፣ ሳዳ። ደብዳቤው ላይ ጀግና ነበርኩ። እሺ ካልሽኝ ግን መምጣት ሊኖርብኝ ነው፤ አባትሽ ፊት፣ ወንድምሽ ፊት፣ እናቴ ፊት። ጥቁር ከሆነ አግብታለች፣ አለቀ፣ የተበደልኩት እኔ ነኝ። ጥቁር መሆኑ ገላገለኝ። ሀርሺን እኮ ባሕር ማዶ አይደለም፤ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሄጄ ቀለሙን መጠየቅ እችል ነበር።» ደብተሩን ዘጋው። «ለሮማን እንኳን ‹ትታኝ ያገባች ልጅ ነበረች› ብዬ ነው የነገርኳት። አዝናልኝ ነበር። የማይገባኝን ኀዘን እያዘነችልኝ ሞተች።»

በጥፊ ይመቱታል ብዬ ነበር። ወይዘሮ ሳዳ ግን ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ያልነኩትን የሻይ ብርጭቆ ወደ ጎን ገፉት።

«መስታወቱ ይሻለኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

* * *

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

ወይዘሮ ሳዳ ጅልባባቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ምስሉን አውርጂው» አሉኝ፤ ዓይናቸው እኔንም አያይም። «ለኤልሚ የማላውቀው ሰው ነው ያነሳኝ፣ ለጨዋታ ብለን ነው ያሰርነው እለዋለሁ። አያምነኝም። ሌላ ግን ምን እለዋለሁ?»

«እኔ እነግረዋለሁ» አለ ጋሼ።

«ተው። ደሙ የፈላ ልጅ ነው። ያዋርድሃል።»

«ያዋርደኝ።»

ተነስቶ ሄደ። አንዱ ነጠላ ጫማው ደረጃው ላይ ወለቀ፤ አልተመለሰለትም። ተከትዬው ሮጥኩ። ላስቆመው ፈልጌ ነበር። ከማዶ ሱቁ በር ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ባጃጆች ተደርድረዋል፤ የ2010ን ሁከት ያየ ሰፈር ነው፣ ሰው ሲሰበሰብ ዛሬም ይፈራል። እሱ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ የሚያውቀው ጎረቤት ሁሉ እያየው፣ በሽርጥ፣ በአንድ እግሩ ባዶውን፣ የሰው እናት ጉዳይ ሊናገር ነው። ጋሼ ብዬ ጠራሁት። አልሰማኝም።

የመኪናውን መስኮት አንኳኳ። ኤልሚ መስታወቱን ዝቅ አደረገው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ እንኳን አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«አቤት አባባ?»

«ሀብተየስ እባላለሁ። የእናትህ ፎቶ የተነሳው በእኔ ካሜራ ነው።»

ኤልሚ በሩን ከፍቶ ወረደ። ከጋሼ አንድ ክንድ ይረዝማል። «እናቴን የት ነው የሚያውቋት?»

«በ77 አግቢኝ ብዬ የጠየቅኋት እኔ ነኝ። ሻሹን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሺ ብላኝ ነበር። እመጣለሁ ብዬ ያልመጣሁትም እኔ ነኝ።» ቀጥሎ ያንኑ በሶማሌኛ ደገመው። ሶማሌኛው ተሰባብሯል፤ ድምፁ ግን ከማዶ ይሰማ ነበር። ከሱቁ በር ላይ ወሬው ቆመ። «እናትህ የምታፍርበት ምንም ነገር አላደረገችም። የሚያፍር ሰው ከፈለጋችሁ ይኸው፣ ቆሜያለሁ።»

ኤልሚ አንድ እርምጃ ቀረበው። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆይተው ነው ይህን የሚነግሩኝ?»

«አዎ።»

«ትንሽ አይከብድዎትም?»

«ይከብደኛል።»

ኤልሚ ለጠብ ተዘጋጅቶ መጥቶ የሚጣላው ሰው አላገኘም። በጋሼ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ በራችን አየ።

«ሆዮ፣ እውነት ነው?»

ወይዘሮ ሳዳ በሩ ላይ ቆመዋል። አዎ ቢሉ ይበቃ ነበር። አይደለም ቢሉም ልጃቸው ይዟቸው ይሄድ ነበር። ቀስ ብለው እስከ መንገዱ ድረስ መጡ።

«እውነት ነው» አሉ። ቀጥለው ማንም ያልጠየቃቸውን ጨመሩ። «ወድጄው ነበር።»

ኤልሚ እንደ ተመታ ሰው ወደ ኋላ አለ። እናቱን እንደማያውቃት ሴት አያት፤ ምናልባት ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ መኪናው ውስጥ ሰደደ። ሊነዳ ነው ብዬ ነበር። ቁልፉን አዞረው። ሞተሩ ጠፋ።

ጋሼ መሬቱን ያያል፤ ባዶ እግሩ ከብርዱ ቀልቷል። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም። እኔ ግን የወይዘሮ ሳዳን ፊት አየሁት። ይቅር ብለውታል ብዬ መጻፍ እወድ ነበር፤ አላየሁም። ደስታም አልነበረም። በሁሉም ፊት እቆማለሁ ያላቸው ሰው ቆሞ ሲያዩት የመጣ ድንጋጤ ነው። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ስሙ ጮክ ተብሎ ተጠርቶ፣ እኔን ይሆን ብሎ ዞር የሚል ሰው ዓይነት ድንጋጤ።